የጠወለገ ድንች ሁሉ ፈንገስ አልያዘውም

ሰሞኑን በደሴ ዙሪያና በኮምቦልቻ ድንች አምራቾች ዘንድ አንድ ጽሑፍ እጅ ለእጅ እየዞረ ነው። ድንችን ከአፈር ፈንገስ ለማዳን ብሎ ሰባት ነገር ይመክራል። ተክሉ ከጠወለገ ሪዶሚል የሚባለውን መድኃኒት ሥሩ ላይ አፍስሱ፤ በየጉድጓዱ አንድ እፍኝ አመድ ጨምሩ፤ ዘሩን አጥባችሁና ቆራርጣችሁ ትከሉ፤ ጥልቅ አድርጋችሁ ቅበሩት፤ አንድ ዓመት ሌላ ነገር ከዘራችሁበት መሬቱ ይጸዳል፤ ካልሆነም ለአንድ ሳምንት ጥቁር ላስቲክ አልብሱት፤ ገበያው ካልጣማችሁ ደግሞ ድንቹን ሳትቆፍሩ አፈር ውስጥ አቆዩት ይላል። ከሰባቱ ሌላ ማሳው ላይ ውኃ እንዳይቋጠርም ያሳስባል።

ጸሐፊው ይህን የጻፉት ገበሬውን ለመጥቀም እንደሆነ ከአነጋገራቸው ያስታውቃል። ምክራቸው ግን እንዳለ ቢሠራበት ገሚሱ ብር ያስጨርሳል፣ ገሚሱ ደግሞ በሽታውን ራሱን ያራባል። ስለዚህ አንድ በአንድ እንመልከተው።

ትልቁ ስሕተት ያለው መነሻው ላይ ነው፤ ድንች ከጠወለገ የአፈር ፈንገስ ይዞታል የሚለው። ድንችን የሚያጠወልገው ብዙ ነው፤ በአገራችን ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ፈንገስ ሳይሆን ራልስቶኒያ የሚባል ባክቴሪያ ነው። ይህን ለይቶ የማያውቅ ሰው የሚገዛው መድኃኒት ሁሉ ከንቱ ነው። መለየቱ ደግሞ አንድ ብርጭቆ ውኃ እንጂ ላቦራቶሪ አይጠይቅም።

ገና መጠውለግ የጀመረ ተክል ምረጡ፤ የደረቀው ለዚህ አይሆንም። ግንዱን ከአፈሩ ሁለት ጣት ከፍ ብላችሁ በንጹሕ ቢላ ቁረጡና አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ቁራጭ ውሰዱ። አፈሩን እጠቡለት። ጠርቶ በሚያሳይ ብርጭቆ ንጹሕ ውኃ ሞልታችሁ፣ የቁራጩ የታች ጫፍ ውኃውን ነክቶ እንዲንጠለጠል በክር ወይም በቀጭን ሽቦ ያዙት። አትነቅንቁት። ከብርጭቆው ጀርባ ጥቁር ጨርቅ ብታደርጉ ይበልጥ ይታያል። ባክቴሪያው ካለ ብዙ ጊዜ አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ከጫፉ ነጭ ክር የመሰለ ነገር ቀጥ ብሎ ወደ ታች ይወርዳል፤ ውኃ ውስጥ ጠብ ያለ ወተት ይመስላል። ፈንገስ እንዲህ ዓይነት ክር አያወርድም። ድንቹንም ለሁለት ብትከፍሉት ከልጣጩ ገባ ብሎ ያለው ቀለበት ጠይሞ፣ ጫን ሲሉት ነጣ ያለ ፈሳሽ ጠብ ጠብ ይላል፤ ማሳ ውስጥ ሳለ ደግሞ ዓይኖቹ ላይ አፈር ተጣብቆ ይገኛል።

ክሩ ከወረደ የሚረጭ መድኃኒት የለም። ተክሉን ከነሥሩ፣ ከነድንቹና በዙሪያው ካለው አፈር ጋር ነቅሎ ከመስኖ ቦይ ርቆ በጥልቀት መቅበር፤ ከዚያ ማሳ ለዘር አንዲት ድንች እንኳ አለማስቀረት። «እኛ ደጋ ነን፣ ይህ የቆላ በሽታ ነው» የሚለው መጽናኛም አያዋጣም። 2,500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ባላት ደሴ ዙሪያ ብርዱ ምልክቱን ይደብቀዋል እንጂ ባክቴሪያውን አይገድለውም። ደጋ ላይ ጤነኛ የመሰለው ዘር 1,850 ሜትር ገደማ ወዳለችው ኮምቦልቻ ወርዶ ሙቀት ሲያገኝ ነው ጉዱ የሚወጣው።

ክሩ ካልወረደ ያኔ ፈንገስን መጠርጠር ይቻላል፤ የትኛው ፈንገስ ቢባል ግን አሁንም መልሱ አንድ አይደለም። ቨርቲሲሊየም ቀስ ብሎ የሚሠራ ነው፤ ከታችኛው ቅጠል ይጀምራል፣ ብዙ ጊዜም የቅጠሉ ወይም የተክሉ አንድ ጎን ብቻ ቢጫ ይሆናል፣ ተክሉ ሳይወድቅ ቆሞ ያረጃል። ግንዱን ከሥሩ አካባቢ በሰያፍ ብትቆርጡት ውስጡ ቀለል ያለ ቡናማ ነው። ባክቴሪያው ግን ችኩል ነው፤ ቅጠሉ አረንጓዴ እንደሆነ ቀትር ላይ ይጠወልጋል፣ ሲመሽ ያገግማል፣ በቀናት ውስጥ ይሞታል።

ራይዞክቶኒያ ሌላ ጠባይ አለው። ቀዝቃዛና እርጥብ አፈር ስለሚወድ የደሴ ዙሪያ፣ የኩታበር ደጋ ይስማማዋል። ማሳው ገና ሲበቅል ወጣ ገባ ይሆናል፤ አንዱ ወጥቶ አንዱ ይቀራል። አፈሩን ገለጥ ብታደርጉ ከመሬት በታች ባለው ግንድ ላይ ቡናማ፣ ጎድጎድ ያለ ደረቅ ቁስል ታያላችሁ። ቁስሉ ግንዱን ከዞረው ቅጠል ያዘጋጀው ምግብ ወደ ታች መውረድ ስለሚያቅተው የላይኛው ቅጠል ወደ ላይ ይጠቀለላል፣ ሐምራዊ ይሆናል፣ በቅጠሉ ብብት ደግሞ አረንጓዴ ትንንሽ ድንች ይንጠለጠላል። ይህን «ተአምር» ፎቶ አንሥቶ የሚያሠራጭ አይጠፋም፤ እውነቱ ግን ታች መንገድ የተዘጋበት ምግብ ላይ ተከማችቶ ነው። ግንዱ ከአፈር በሚወጣበት ቦታ በጣት ሲታሽ የሚለቅ ዱቄት የመሰለ ነጭ ሽፋንም ሊኖር ይችላል።

ኮምቦልቻ ላይ ደግሞ የግንዱ ሥር በጥጥ የመሰለ ነጭ ሻጋታ ተጠቅልሎ፣ በውስጡ ሰናፍጭ ፍሬ የሚያህሉ ቡናማ እንክብሎች ከታዩ ስክለሮቲየም ሮልፍሲ የሚባለው ሙቀት ወዳድ ፈንገስ ነው። እንክብሎቹ የፈንገሱ ዘር ናቸው ብትሉ አልተሳሳታችሁም። እንዲህ ያለውን ተክል ከነአፈሩ ማውጣትና መሬቱን ጠልቆ በማረስ እንክብሉን ወደ ታች መገልበጥ ይረዳል።

ወደ ሪዶሚል እንምጣ። ውስጡ ሁለት ነገር አለ፤ ሜታላክሲልና ማንኮዜብ። ሜታላክሲል የሚሠራው የድንች ምች እና ሌሎች የውኃ ሻጋታ በሚባሉት ላይ ነው። እነዚህ ፈንገስ ቢመስሉም ከፈንገስ ወገን አይደሉም። ራይዞክቶኒያን፣ ቨርቲሲሊየምን፣ በቁስል ገብቶ ድንቹን የሚያበሰብሰውን ፉዛሪየምን ሜታላክሲል አይነካቸውም። ማንኮዜብ ሰፋ ያለ ነው፤ ግን ነክቶ ብቻ የሚገድል እንጂ ወደ ተክሉ ውስጥ የሚገባ አይደለም። አፈር ላይ ሲፈስ ደግሞ የላይኛው ንብርብር ይይዘዋል። ሒሳቡን እንሥራው። አንድ ጥማድ፣ ማለት ሩብ ሄክታር መሬት፣ የላይኛው 20 ሴንቲ ሜትር አፈሩ ብቻ 600 ቶን ገደማ ይመዝናል። በጀርባ መርጫ የተበጠበጠ 20 ሊትር ውኃ ይህን አፈር ያክማል ማለት ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው፤ ያውም ውሻው ወደ ሌላ አቅጣጫ ዞሮ። ጉዳቱም ብር ብቻ አይደለም። ሜታላክሲል በተደጋጋሚ ሲረጭ የድንች ምች ይለምደዋል፤ በአየርላንድና በኔዘርላንድ እ.ኤ.አ. በ1980 የሆነው ይኸው ነው። ነሐሴ ላይ ጭጋጉ ሲወርድና ምች ሲመጣ የምትፈልጉትን መድኃኒት ሰኔ ላይ በባዶ አታባክኑት።

ራይዞክቶኒያ ላይ የሚሠሩ መድኃኒቶች የሉም ማለታችን አይደለም። ፍሉዲዮክሶኒል፣ ፔንሳይኩሮን፣ አዞክሲስትሮቢን የሚባሉት አሉ፤ የሚሰጡትም ዘሩ ላይ ወይም በተከላ ቀን ትልሙ ውስጥ ነው። ሱቅ ውስጥ የምትጠይቁት የንግድ ስሙን ሳይሆን እነዚህን ስሞች ይሁን፤ መለያው ላይ ድንች የሚል ሰብልና የበሽታው ስም ከሌለ አትግዙ።

አመዱን በአጭሩ። በ75 በ30 ሴንቲ ሜትር የተተከለ ሄክታር 44,444 ተክል አለው፤ ጥማዱ 11,111። እፍኙን 50 ግራም ብንለው ለአንድ ጥማድ አምስት ኩንታል ተኩል አመድ ነው። የስንት ቤት ምድጃ ይህን ይሰጣል? ቢገኝም አመድ አፈሩን ከኮምጣጣነት ወደ ኖራ ጠባይ ይወስደዋል፤ ራይዞክቶኒያ በዚህ አይደነግጥም። የሚደሰት ግን አለ፤ ልጣጩን ቡሽ አስመስሎ የሚያሻክረው የድንች እከክ። እሱ ኮምጣጣነት የቀነሰበት፣ ድንቹ መቋጠር ሲጀምር ደረቅ የሆነ አፈር ይወዳል። አመድ ፖታሽ ስላለው ማዳበሪያ ነው ከተባለ እንስማማለን፤ በስስ ተበትኖ፣ ለሌላ ሰብል።

ዘሩ ላይ ረዘም አድርገን እንቆያለን፤ ምክንያቱም ብዙው በሽታ ማሳ ውስጥ የሚገባው በገበሬው በራሱ ከረጢት ነው። ጽሑፉ ዘሩ ታጥቦ ከጸዳ ችግር የለም ይላል። አንድ ድንች አንሡና ውኃ ውስጥ ነክራችሁ በአውራ ጣት እሹት። አፈር ከሆነ ይለቃል። ልጣጩ ላይ ተጣብቆ የቀረ ጥቁር ነጠብጣብ ካለ፣ ሲረጥብ ይበልጥ ጠቁሮ ከታየ፣ በጥፍር ስትፍቁት ተቆርሶ ከተነሣና ከሥሩ ያለው ልጣጭ ጤነኛ ከሆነ፣ እሱ አፈር አይደለም፤ የራይዞክቶኒያ ስንቅ ነው። እዚያው ተኝቶ ይቆይና ጎንቁሉ ሲወጣ ነቅቶ ጫፉን ይበላዋል። ድንቹን ለምግብ አይከለክልም፤ ይላጣል፣ ይቀቀላል። ለዘር ግን ይቅር። ከአንድ ከረጢት ሃምሳ ድንች ያለ ምርጫ አውጥታችሁ እንዲህ ፈትሹ፤ ብዙው ከጠቆረ ሻጩ ምንም ቢምል ሌላ ቦታ ሂዱ። ማጠቡ በራሱ ሌላ ጣጣ አለው፤ በአንድ በርሜል ውኃ የታጠበ ዘር አንዱ የያዘውን ለሁሉም ያካፍላል፣ ሳይደርቅ ከተከመረም ይበሰብሳል።

መቁረጥ የሚመጣው ዘር ለመቆጠብ ነው፤ ይገባናል፣ ዘር ውድ ነው። ነገር ግን የተቆረጠ ፊት ለፉዛሪየም ክፍት በር ነው፤ ቁራጩ ከመብቀሉ በፊት ደርቆና ተጨማዶ ይበሰብሳል። ከዚያ የሚብሰው ቢላው ነው። ውስጡ ባክቴሪያ ያደረ አንድ ድንች የነካ ቢላ ቀጥሎ ያሉትን ይበክላል። የዶሮ እንቁላል የሚያህል፣ ከ40 እስከ 60 ግራም የሆነ ሙሉ ድንች ትከሉ፤ ለአንድ ጥማድ አምስት ኩንታል ተኩል ገደማ ይበቃል። መቁረጥ ግድ ከሆነ ሁለት ቢላ ያዙ። አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውኃ በጥብጡ፤ አንዱ ቢላ ተነክሮ ሲቆይ በሌላው ቁረጡ፣ በየድንቹ ተለዋወጡ። ውኃው በአፈርና በድንች ጭማቂ ሲቆሽሽ በረኪናው ኃይሉን ያጣል፤ ቶሎ ቶሎ ቀይሩት። ቁራጩንም ጥላ ባለው፣ ነፋስ በማይመታው ቦታ ጥቂት ቀን አሳድሩት፤ ቁስሉ ይጠገጋል። ፀሐይ ላይ ማድረቅ ከላይ ያነድደዋል እንጂ አያድነውም።

ጉደኔም ሆነ በለጠ፣ ዝርያው ጥሩ ስለሆነ ብቻ ዘሩ ንጹሕ አይሆንም። ስሙና ጤናው ለየብቻ ናቸው። የተረጋገጠ ዘር ለማያገኝ ሰው የሚሻለው ከራሱ ማሳ መምረጥ ነው። ማሳው ማበብ ሲጀምር በጣም ጤነኛ የሆኑትን ተክሎች አጠገብ እንጨት ትከሉ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሱና ከመካከላቸው የታመመውን እንጨቱን ንቀሉት። በአጨዳ ጊዜ እነዚህን ብቻ ቀድማችሁ ለብቻ አውጡ፤ ሲወጣም የተበላሸ ድንች የያዘውን ሥር በሙሉ ከዘር አስወጡ። አንድ ተክል ስምንት ለዘር የሚሆን ድንች ከሰጠ ለመጪው ዓመት ጥማድ 1,400 ያህል ተክል ምልክት ማድረግ ይበቃል፤ ከስምንት አንዱን ማለት ነው። ብርጭቆው ውስጥ ክር የወረደበት ማሳ ግን ለዚህም አይሆንም።

ጥልቀቱን በተመለከተ ጸሐፊው የተናገሩት የእውነቱ ግልባጭ ነው። ጎንቁሉ በቀዝቃዛ አፈር ውስጥ ረጅም መንገድ በሄደ ቁጥር ለራይዞክቶኒያ ረጅም ማዕድ ይሆናል። ከ5 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ብቻ አልብሱት፤ ጎንቁሉ ከአንድ እስከ ሁለት ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ ወፈር ያለና ጠንካራ ይሁን፤ ብርሃን በሚገባበት ማከማቻ ከሁለት ሦስት ድርብ ሳይበልጥ የተዘረጋ ዘር እንዲህ ይወጣል። ተክሉ ከወጣ በኋላ ነው አፈር የሚያስታቅፉት። ድንቹን ከፀሐይና ከምች የሚጋርደው ይህ እቅፍ እንጂ የመጀመሪያው ጉድጓድ ጥልቀት አይደለም።

አንድ ዓመት ማፈራረቅ ምንም ከማድረግ ይሻላል፤ መሬቱ ይጸዳል ማለት ግን ሌላ ነው። የቨርቲሲሊየም ጥቃቅን እንክብል አፈር ውስጥ ከአሥር ዓመት በላይ ሊቆይ ይችላል። ድንች ወደ አንድ ቦታ ቢያንስ በሦስት፣ ቢቻል በአራት ዓመት አንዴ ይመለስ፤ መሐሉን ገብስ፣ ስንዴ፣ ጤፍ፣ ኮምቦልቻ ላይ በቆሎና ማሽላ ይሙሉት። በቦርከና ወንዝ መስኖ ላይ የሚታየው ድንች፣ ቀጥሎ ቲማቲም፣ ቀጥሎ በርበሬ ማፈራረቅ አይባልም፤ ሦስቱም ዘመዳሞች ናቸው፣ በሽታቸውም የጋራ ነው። እምቧይ፣ አውጥና አስተናግርም የዚያው ቤተሰብ ናቸው፤ ዳር ላይ ቆመው በሽታውን ይቀልባሉ። ወፍ ዘራሽ ድንች ደግሞ ከሁሉ ይከፋል። ገብስ ውስጥ ብቅ ያለችውን ድንች «እግዜር የሰጠኝ» ብሎ የሚተው ሰው አራት ዓመት ያፈራረቀውን በአንዲት ሥር ያፈርሰዋል። መሬቱ ጠባብ የሆነበት ሰው ጥማዱን አራት ከፍሎ ድንቹን በየዓመቱ ወደሚቀጥለው ሩብ ያዛውር። ተዳፋት ላይ የሚያርስ ከላይ ከጎረቤት ማሳ የሚወርደውን ጎርፍ በቦይ ይቀልብስ፤ የታመመውን ማሳ በመጨረሻ ይሥራና ዶማውንና ጫማውን ከአፈር ያጽዳ። ጽሑፉ ውኃ አይቋጠር ማለቱ ትክክል ነው፤ ይህን ብቻ ሳናቅማማ እንቀበላለን።

ላስቲኩ ሁለት ነገር ይጎድለዋል፣ ቀለሙና ጊዜው። ፀሐይን ወደ አፈር የሚያሳልፈው ጠርቶ የሚያሳይ ላስቲክ ነው፤ ጥቁሩ ራሱ ይግላል እንጂ አፈሩን ያን ያህል አያሞቅም። አፈሩ ደቆ፣ ውኃ ጠጥቶ፣ ላስቲኩ ሳይነፋ መሬቱን ተጣብቆ፣ ዳሩ ተቀብሮ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት በጠራ ፀሐይ መቆየት አለበት። ግንቦት ላይ በኮምቦልቻ ለችግኝ መደብ ያዋጣ ይሆናል። በደሴ፣ በጦሳ ተራራ ግርጌ ብርድና ደመና ግን ለላስቲኩ የሚወጣው ብር ንጹሕ ዘር ቢገዛ ይሻላል።

የመጨረሻው፣ ዋጋ እስኪጨምር አፈር ውስጥ አቆዩት የሚለው። ብዙ ሰው የሚያደርገው ስለሆነ ምክሩ ጆሮ ይገባል። የራይዞክቶኒያ ጥቁር ስንቅ ግን በብዛት የሚጋገረው ቅጠሉ ከሞተ በኋላ ነው፤ በየሳምንቱ ይጨምራል። መስከረም ላይ ንጹሕ የነበረ ድንች ኅዳር ላይ ሲቆፈር ጠቁሮ ይወጣል፤ ደሴ ገበያ ላይ ዋጋው ይወርዳል፣ ለዘር የቀረውም በሽታውን ይዞ ይከርማል። ልኩ እንዲህ ነው፤ ድንቹ ሲደርስ ቅጠሉን ከመሬቱ እኩል ቁረጡና ከማሳው አውጡ። ልጣጩ እንዲጠና ከ10 እስከ 14 ቀን ጠብቁ፤ በአውራ ጣት ገፋ ስታደርጉት የማይላጥ ከሆነ ደርሷል። አፈሩ ጠፈፍ ባለበት ቀን ቆፍሩ፣ አትወርውሩ፣ የቆሰለውን ለቅማችሁ መጀመሪያ ሽጡ፤ ፉዛሪየም የሚገባው በቁስል ነው። ለምግብ የሚቀመጠውን ጨለማና ቀዝቀዝ ያለ ቦታ በስሱ አስቀምጡ፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንት ቁስሉ እስኪጠግግ አታገላብጡት።